ከድሩ ወዲያ

ሸረሪቷ ከማሽላ ፍሬ ታንሳለች። ሳቢራ መጀመሪያ ያየቻት በሸሁ ጫካ ውስጥ፣ የበሰበሰ ቅጠል በወንፊት እየነፋች ነጭ ጨርቅ ላይ ስታራግፍ ነበር። አቧራ መስላት በጣቷ ልትጠርጋት ስትል አቧራው እግር አውጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማይክሮስኮፕ በውሰት አምጥታ፣ ከሚሴ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ቤቷ መስኮት ሥር አስቀምጣዋለች። ኮሌጅ አስተምራ ስትመለስ ከዚያች ፍጡር ጋር ፊት ለፊት ትቀመጣለች።

ጽሑፉ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። እንዲህ ይላል፦ «ሰውነቷ ግራጫ ነው፤ ሆዷ ክብ ሆኖ ጀርባዋ ላይ ሁለት ፈዛዛ ነጠብጣቦች አሉ። ዓይኖቿ ስድስት ናቸው። ብቻዋን አትኖርም፤ ከብዙ መሰሎቿ ጋር ሆና በዛፍ ሥርና በድንጋይ ስንጥቅ ላይ ድር ታደራለች። ወንዱ እስካሁን አልተገኘም።» ስሟ የሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ፕሮፌሰር «ማንም ያልመዘገባት ናት፤ ስሟን የምታወጪው አንቺ ነሽ» ብለዋታል። ሳቢራ ስም ማውጣት ትፈራለች። አንድ ጊዜ አውጥታ አይታዋለች።

ያኔ ሙሽራ ነበረች። ሙሀመድኑርን አግብታ ከጫካው ሥር ወዳለው ቤት ስትገባ፣ ሙሽራ የባሏን ቤተሰብ በስሙ አትጠራምና ለእያንዳንዱ መጠሪያ አወጣች። የባሏን ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዋን ሰልማንን፣ «ጥላዬ» አለችው። በሠርጉ ቀን ፀሐይ ሲበረታባት ጃንጥላ ይዞ አጠገቧ የቆመው እሱ ስለነበር ይሆናል። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸና። «ሰልማን» የሚለው ቃል ከሳቢራ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

ሙሀመድኑር የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ከቤት ሲወጣም ሲገባም ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ ጉሮሮውን ያጸዳል፤ «እህ… እህም።» ሴቶች ካሉ እንዲከናነቡ፣ ጨዋ ወንድ እንደሚያደርገው። አንድ ማለዳ ያንን አሰምቶ ወጣ። ሲገባ ግን አልሰማችውም። ስለዚያ ቀን ሳቢራ ለማንም አውርታ አታውቅም፤ እዚህም አይወራም።

ዒዳዋ፣ የመበለት መቆያ ጊዜዋ፣ ሲያበቃ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። «ዋርሳ እያለ መበለት ከቤት አትወጣም። ሰልማን ያግባት» አሉ። ሳቢራ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ትሰማለች። ሰልማን ሰንበቴ ከተማ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ከከብት ጋር ስለሚውል ይሁን በተፈጥሮው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። ያን ቀን ግን ጮኸ።

«ሰው አይወረስም! የወንድሜን በሬ ውሰድ በሉኝ፣ እሺ እወስዳለሁ። እሷን ግን ውሰድ አትበሉኝ!»

ሳቢራ ከመጋረጃው ጀርባ ፊቷ ነደደ። አልፈልጋትም ያለ መሰላት። እያደር ቃሉን ስታገላብጠው ነው፣ በዚያ ቤት ውስጥ ያን ያህል ያከበራት እንደሌለ የገባት። ከገባት በኋላ ደግሞ ባሰባት። የሟች ባሏን ወንድም የወደደች ሴት፣ ወግ ነው ቢሏትም፣ ነውር ነው ቢሏትም፣ ከራሷ ጋር መሟገቷ አይቀርም።

አምና ሰንበቴ ገበያ ውስጥ ተገናኙ። ለሰላምታ ያህል ቆሙ። መሃላቸው አንድ የአፋር ነጋዴ ግመሎቹን እየነዳ አለፈ፤ ግመሎቹ እስኪያልፉ ዝም ብለው ተያዩ። የመጨረሻው ግመል ሲያልፍ ሰልማን ተናገረ።

«ጁምዓ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ ኸልዋው ውስጥ እቀመጣለሁ። እናቴ ከታች ቤት ናት፤ ነውር የለበትም። ሽማግሌ ስላለ አይደለም። ወንድሜ ስለሞተም አይደለም። እሺ ካልሽ ነይና ከደጅ ቆመሽ ጥሪኝ። ጥላዬ ብለሽ አይደለም፤ በስሜ።»

«በስምህ ብጠራህ እማ ምን ይሉኛል?» አለች።

«‘ይኸው ስንት ዓመት ጠበቅኩሽ’ ትልሻለች።» ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። «ካልጠራሽኝ ግን ወላሂ ይህን ነገር ሁለተኛ ከአፌ አላወጣውም። እምቢታሽን ደጋግሜ አላስቆጥርሽም።»

ኸልዋው በጫካው ልብ ውስጥ ያለ ትንሽ የድንጋይ ክፍል ነው። ድሮ የሸሁ ተማሪዎች፣ ደረሶቹ፣ ለብቻቸው ዱዓ ያደርጉበት ነበር። መዝጊያ የለውም፤ መዝጊያው ድር ነው። በዚያ አገር ሸረሪት አይገደልም፤ ነቢዩን በዋሻው ደጃፍ ድር አድርታ የሸሸገች ናትና። የሸሁ ጫካ ሰዎች ደግሞ ከዚህም ያልፋሉ። ለዱዓ የሚገባ ሰው ቢስሚላህ ብሎ ድሩን ገልጦ ይገባል እንጂ፣ አላፊ አግዳሚ አይነካውም። ድሩ ካለ ሰው የለም። ሰው ሳይኖር ድምፅ ከተሰማ፣ ያ የሰው አይደለም።

ያን ጁምዓ ሳቢራ አዲስ ሻርፕ አድርጋ ሄደች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ድሩ ከጉበን እስከ መድረኩ ሙሉ ነው። የደረቀ ቅጠል፣ የዝንብ ክንፍና አቧራ ተንጠልጥሎበታል። ዓመት ሙሉ እጅ ያልነካው ይመስላል። አልመጣም ማለት ነው። ልትመለስ ዞረች።

ያኔ ነው ከድሩ ወዲያ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ «እህ… እህም» ያለው።

የባሏ ነው። እንዴት ታጣዋለች? ሮጠች። ሻርፏ እሾህ ላይ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ጫካው ብትሄድም ቅጠል የምትነፋው ከታች ከዳሩ ነው፤ ጁምዓ ቀን ደግሞ ጨርሶ አትሄድም። ሰልማን ቃሉን አጥፎ ቀረ፤ የሞተው ግን መጣ። ልቧ እንዲህ ብሎ ዘጋው። ሰልማንም መሐላውን ጠበቀ፤ መንገድ ላይ ሲያገኛት «ደህና ነሽ?» ብሎ ያልፋል እንጂ ዓይኗን አያይም።

*

ትናንት፣ ሐሙስ፣ አማቷ እማ አሻ ደወሉ። ጫካውን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ ከባላቸው ነው የተቀበሉት። ስልክ ሲይዙ ከጨፋ ሸለቆ ማዶ ሰው እንደሚጣሩ ነው የሚጮኹት።

«ሳቢራ! ኢንተላ ኮ! ልጄ፣ ደህና ነሽ? ሸረሪቶቼስ ደህና ናቸው? ሰሞኑን በጠርሙስ ከተሽ ወስደሻል አሉ። ምን ታበያቸዋለሽ፣ ፓስታ?»

«ደህና ናቸው እማ። ፎቶ አንስቼ እመልሳቸዋለሁ።»

«እኔን በዚህ ዕድሜዬ ፎቶ ያነሳኝ የለም፤ እነሱ በወግ ይነሳሉ!» ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ በስልክ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ አያውቅም። «ልጄ፣ ያ ነገር አልተወንም። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ያው ነው። ባለፈውም እንጨት ለቀማ የወጡት ሴቶች ሰምተውታል። ድሩ እንዳለ ነው፤ አንድ ክር አልተነካም። ሰው ቢሆን በየት ይገባል? ልጄን አፈሩ አላስተኛውም።»

ሳቢራ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ጧት በሩ በድንጋይ ይደፈን ብለዋል። ድንጋዩም ተከምሯል። ግን ባልሽ ነው፤ ያላንቺ ፈቃድ አይሆንም። ሰልማንን ብጠይቀው ደግሞ ምን ይለኛል? ‘እሷን ጠይቂያት። ይደፈን ካለች ይደፈን፤ እኔም እሑድ ጅቡቲ እሄዳለሁ።’ የበሩንና የጅቡቲን ነገር ምን እንዳገናኛቸው እኔ አልገባኝም። አንቺ የተማርሽው ይገባሽ እንደሆነ!»

ሳቢራም አልገባትም። የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጁምዓ ጁምዓ እዚያ ተቀምጦ የሚጠብቃት ባሏ እንዲያርፍ ትፈልጋለች። እሷም ማረፍ ትፈልጋለች።

«ይደፈን» አለች።

ስልኩን ዘጋች።

*

ጁምዓ ቀትር ላይ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። እስከዚህ ሳምንት ድረስ የምትመረምረው በአልኮል ውስጥ ያሉትን ነበር። እያንዳንዷን ስትከት «አላህ ይቅር ይበለኝ» ትላለች፤ ለእማ አሻ ግን ነግራቸው አታውቅም። በሕይወት ያሉትን ያመጣቻቸው ፕሮፌሰሩ «የድሯን አሠራር ሳትገልጪ ጽሑፉ ሙሉ አይሆንም» ስላሏት ነው። ሰፊ አፍ ባለው ጠርሙስ ውስጥ የጫካውን አፈር፣ ቅጠልና የዛፍ ሽበት አድርጋ አስቀመጠቻቸው። እነሱም የጠርሙሱን አፍ በድር ዘጉት። ድሩ ግራጫ ሆኖ ቆሻሻ የተንጠለጠለበት ስለነበር ለፎቶ አልመች አላት።

«ቢስሚላህ» ብላ በብሩሽ ጠረገችው፤ አንድም ክር አላስቀረችም። ከዚያ ውዱእ አደረገች፤ ዙህር ሰገደች። ተመልሳ ስትቀመጥ የጠርሙሱ አፍ ዝግ ነው።

አልጠረግኩትም ነበር እንዴ? ብሩሹን አየችው፤ አሮጌው ድር ብሩሹ ላይ እንደተጠቀለለ ነው። እንደገና ጠረገች። አሁን ግን አልተነሳችም፤ አገጯን በእጇ ደግፋ ትመለከት ጀመር።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከሽበቱ ውስጥ አንዷ ወጣች፤ ከማዶ ሌላዋ። ቀጥሎ ቅጠሉ ራሱ የተንቀሳቀሰ እስኪመስል ድረስ፣ ደቦ እንደተጠራ ሰው፣ ከየጥጉ መጡ። ድምፅ የላቸውም። አንዷ የጣለችውን ክር ሌላዋ ትቀበላለች። ክፍተቱ ከዳር እየጠበበ፣ እየጠበበ መጣ። ሳቢራ ግን የደነገጠችው በዚህ አይደለም። ድሩ እንዳለቀ ሸረሪቶቹ ወደ ታች ወርደው የበሰበሰ ቅጠል ስባሪ፣ የዝንብ ክንፍና የአፈር ብናኝ በአፋቸው እየያዙ ወጡ፤ በአዲሱ ድር ላይም አንድ በአንድ ሰቀሉት። ጠላት እንዳያያቸው ይሆናል፤ አላሁ አዕለም። ሲጨርሱ፣ ከዓይኗ ሥር የተሠራው ድር የአምና ይመስል ነበር።

ብዕሯን አነሳች። «ይህች ሸረሪት የተቀደደ ድሯን በአንድ ሶላት ጊዜ ውስጥ መልሳ…» ብላ ጀመረች፤ ጽሑፉ ለሳይንስ እንደሆነ አስታወሰችና «በአንድ ሶላት» የሚለውን ሰረዘች። «አዲሱንም አሮጌ ታስመስለዋለች» ብላ ስትጽፍ እጇ ቆመ።

የዝንብ ክንፍ። የደረቀ ቅጠል። አቧራ። ከጉበን እስከ መድረኩ።

*ሰው ቢሆን በየት ይገባል?*

በበሩ ይገባል። ቢስሚላህ ብሎ ገልጦ ይገባል፤ ይቀመጣል፤ ከኋላው ይዘጋል። ከዚያ ከደጅ አንዲት ሴት ትመጣለች። ስሙን እስክትጠራው ይጠብቃል። ትቆማለች፤ አትጠራውም። ቢጨንቀው፣ መናገር በመሐላ የተከለከለ ሰው፣ መኖሩን ሊያሳውቃት ጉሮሮውን ያጸዳል። ትሮጣለች።

ይደፈን ካለች ይደፈን፤ እኔም እሑድ ጅቡቲ እሄዳለሁ።

«ያ ረቢ» አለች ሳቢራ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ማይክሮስኮፑን ሳትሸፍን ወጣች።

*

ባጃጁ የቦርከናን ወንዝ ተሻግሮ በማሽላ እርሻዎች መሃል እየዘለለ ሄደ። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«መምህርት፣ ከዚህ በላይ አልወጣም።»

«መንገዱ ያስወጣል እኮ።»

«መንገዱስ ያስወጣል። ዛሬ ግን ጁምዓ ነው።» ወደ ጫካው ላለማየት መሪውን በጨርቅ ይወለውል ጀመር። «ነገ ይደፍኑታል አሉ። ነገ ከደፈኑት ከነገ ወዲያ በነፃ አወጣሻለሁ።»

በእግሯ ወጣች። ከታች መስጊድ የአስር ሶላት አልቆ ሰው ከተበተነ በኋላ እማ አሻ ደጅ ደረሰች። አሮጊቷ ቆመው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ጫካውን ያያሉ።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው እንደ ፍየል የምታለከልኪው?»

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ባሌ… ጉሮሮውን ሲያጸዳ… ጥላዬም እንደዚያው ነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ይንገሩኝ እማ።»

«እንደዚያው ነው እንጂ! አባታቸውም እንደዚያው ነበር። ሦስቱም ደጅ ሲደርሱ ማን እንደሆነ ለይቼ አላውቅም ነበር። ወጡን ለማን ላውጣ እያልኩ…» ቆሙ። የከዘራቸው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። ቀስ ብለው ዓይናቸውን ከጫካው ወደ ሳቢራ መለሱ። «ድሩ ግን…»

«መልሰው ይዘጉታል እማ። ከሰው ኋላ መልሰው ይዘጉታል። ዛሬ በዓይኔ አየሁ።»

እማ አሻ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ፊታቸው ላይ የሆነውን ሳቢራ በኋላም ልትገልጸው አልቻለችም። አንድ ልጃቸው ተመለሰላቸው፤ ሌላው ደግሞ አሁን ገና ሞተ።

«ዓመት ሙሉ» አሉ በመጨረሻ። «ዓመት ሙሉ የሙት ዱዓ ያስደረግኩት ለዚያ ደንቆሮ ነው?» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሂጂ። እኔ ከኋላ አለሁ። እግሬ አይፈጥንም፤ አንቺ ግን ፍጠኚ።»

*

ጫካው ውስጥ ወፍ አልነበረም። ሁልጊዜም በዚህ ሰዓት ዝም ይላል፤ የጥዱና የወይራው ቅርንጫፍ ብርሃኑን እየቆራረጠ ይጥለዋል። ሳቢራ እግሯ የሚረግጠውን እየሰማች ሄደች። በየዛፉ ሥር ትንንሽ ድሮች ተዘርግተዋል። ሁሉም አሮጌ ይመስላሉ። አሁን ግን ምን ያህሎቹ የዛሬ እንደሆኑ፣ ምን ያህሎቹ አሁን ከፊቷ ባለፈ ሰው ጀርባ እንደተዘጉ መናገር አትችልም። ስታውቀው ይብስ ያስፈራ ነበር።

ኸልዋው ጋ ደረሰች። ከበሩ በስተቀኝ ድንጋዩ ተከምሯል። ድሩ ከጉበን እስከ መድረኩ ሙሉ ነው፤ ቅጠሉና አቧራው እንዳለ ተንጠልጥሏል። ከድሩ ወዲያ ጨለማ ነው።

ቆመች።

እዚህ ላይ ትምህርቷ አለቀ። ሸረሪቷ የነገረቻት ሰው ሊገባ እንደሚችል ነው፤ ማን እንደገባ አልነገረቻትም። ውስጥ ያለው ሕያው ሊሆን ይችላል። ማንም ላይኖር ይችላል። ከንፈሯ ላይ ሁለት ስሞች አሉ፤ አንደኛውን ስትጠራ ሌላኛውን ትተዋለች።

ድሩ በቀስታ ወደ ውጭ ተነፋ፤ ተመልሶ ረገበ። ነፋስ የለም። እንደገና ተነፋ፤ ረገበ።

የሚተነፍስ አለ።

እንደ አምናው ዞራ ለመሮጥ እግሯ ተነስቶ ነበር። ግን ድንጋዩን አየችው፤ ሰው ተሸክሞ ያመጣውን፣ «ይደፈን» ስላለች የተዘጋጀውን። አንድ ድንጋይ ላይ እጇን አሳረፈች።

«ሙሀመድኑር» አለች በሹክሹክታ። ይህ ስም ከአፏ ሲወጣ ስንት ጊዜው ነው! «አንተን አልደፍንህም። አንተን አልተውኩህም። ግን አንተ ከሆንክ ዛሬ የምጠራው ሌላ ሰው ነው፤ አውፍ በለኝ።»

ድሩ አልተነቃነቀም።

ሳቢራ ወደ በሩ ዞረች። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ሙሽራ ሆና በገባችበት ቀን የቆለፈችው ቃል ነውና ዝጓል። እንደገና ሞከረች።

«ሰልማን።»

ድሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የሚተነፍሰው ትንፋሹን የያዘ ይመስላል። ፍርሃቷ ከእግሯ እስከ ፀጉሯ ወጣ። ሆኖም አሁን ከተመለሰች መቼም እንደማትመጣ አውቃለች። ከታች እማ አሻም፣ ጫካውም፣ የሞቱትም ይስሟት ብላ ጮኸች፤

«ሰልማን!»

«አቤት» አለ ከድሩ ወዲያ።

እንባዋ ቀደማት። ውስጥ ያለው ሰው ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አዘጋጅቶ ቆይቶ፣ ሲናገረው ድምፁ ተሰበረ።

«መጣሽ?» አለ።

«አምናም መጥቼ ነበር።»

«አውቃለሁ። ጫማሽን ሰማሁ። ቆምሽ፤ ሮጥሽ። እምቢ ማለት አንድ ነገር ነው። መሮጥሽን ግን…»

«ድሩ ዝግ ነበር! ዓመት ያልተነካ ነበር የሚመስለው። የለህም አልኩ። ከዚያ ጉሮሮህን… የእሱን ድምፅ ነው የሰማሁት። ከሞተ ባሌ ነው የሮጥኩት፤ ካንተ አይደለም።»

ድሩ በረጅሙ ተነፋ፤ ረገበ።

«ከገባሁ በኋላ እኮ ሁልጊዜ ይዘጋል» አለ ሰልማን፣ እንደ ሕፃን ተገርሞ። «ለእኔ ከውስጥ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከውጭ እንዴት እንደሚመስል አስቤው አላውቅም። አንቺ የሸረሪት ምሁር ታውቂዋለሽ ብዬ…»

«ዛሬ ነው ያወቅኩት። ዛሬ ቀትር ላይ!» ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀባት። «ለምን አልነገርከኝም? ዓመት ሙሉ!»

«ምዬ ነበር። አላነሳውም ብያለሁ። አልጠብቅም ግን አላልኩም።»

ሳቢራ ፊቷን ወደ ድሩ አስጠጋች፤ ትንፋሹ በክሮቹ መሃል አልፎ ግንባሯን ነካት። ሞቃት ነበር። ሙታን እንደዚያ አይሞቁም።

«ውጣ» አለችው። «ነገ ሊደፍኑት ነው። እማ ከኋላዬ ናቸው። ውጣና ይዩህ።»

«ቢስሚላህ» አለ።

ድሩ መሃል ለመሃል ተቀደደ። ሰልማን ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ ግራጫው ድር ከራሱ እስከ ትከሻው ተጠቅልሎበት፣ የተከፈነ መስሎ። ለአንድ አፍታ ከድሩ ሥር ያለው ፊት የሙሀመድኑር ነበር፤ ያው ግንባር፣ ያው አገጭ። ሳቢራ አልሸሸችም። እጇን ሰደደችና ከዓይኑ ላይ፣ ከጉንጩ ላይ፣ ከከንፈሩ ላይ ድሩን ቀስ ብላ ገፈፈችው። ሰልማን የመጣላት ያኔ ነው። አንገቱ ላይ አምና እሾህ ላይ የቀረው ሻርፕ ነበር፤ ቀለሙ ለቋል።

«ይህ የኔ ነው» አለች።

«አንቺ ስትሮጪ እሾሁ ያዘልኝ።» ከአንገቱ ፈትቶ ሰጣት።

ከታች የከዘራ ድምፅና የእማ አሻ ማጉረምረም ይመጣል። «…ጅቡቲ ይላል ደግሞ! ጅቡቲ ማን አለው? እኔ ነኝ ጅቡቲ የምልከው፣ በከዘራ እያልኩ…» ሰልማን ሳቀ፤ እናቱን ሊቀበል ወደ መንገዱ ወረደ።

ሳቢራ ለአፍታ ወደ ኋላ ቀረች። ጉበኑ ላይ የመጀመሪያዋ ሸረሪት ወጥታ ክሯን ጥላለች፤ ከማዶ ሌላዋ ትቀበላታለች። ክፍተቱ እየጠበበ ነው። ባዶውን ክፍል እየዘጉት ነው። የዝንብ ክንፍ የያዘችም መጥታለች።

ጀርባዋን ሰጥታ መሄድ ስትጀምር ሰማችው።

«እህ… እህም።»

ከውስጥ ነበር። ዝግ ያለ፣ ጨዋ፤ አንድ ሰው ከቤት ሊወጣ ሲል ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደሚያሰማው።

ሰልማን ከመንገዱ ዞሮ አያት። «ምነው? ምን ሰማሽ?»

«ምንም» አለች ሳቢራ።

ሻርፏን ተከናነበች፤ ሴት ወንድ ሲያልፍ እንደምታደርገው ራሷን ዝቅ አድርጋ ጥቂት ቆመች። ቀዝቃዛ ነገር በአጠገቧ አልፎ ወደ ዛፎቹ ሄደ፤ ወይም አልሄደም። ፍርሃት አልተሰማትም። ለስንት ዓመት ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው ተነስቶ ቦታውን የለቀቀላት ያህል ትንፋሿ ሰፋ፤ ወደ ኋላ ሳትዞርም ወደተጠራው ሰው ወረደች።